ፀሐይ የማይስማማት ልጄ

ልጄ ማህሌት፣ ማሂ ነው የምንላት፣ የዩኒፎርሟን ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅታት መጀመሪያ ቅብጠት መስሎኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሞልቷታል፣ አምስተኛ ክፍል ናት፤ በዚህ ዕድሜዋ ፊቴ ቆማ "እማ ቆልፊልኝ" ስትለኝ ሌላ ምን ልበል? እየተነጫነጭኩ ቆለፍኩላት። በማግስቱም እንደዚያው። አንድ ቀን ግን እጇን ያዝ ሳደርግ ጣቶቿ መገጣጠሚያቸው ላይ አብጠዋል፣ ያተኩሳሉ፤ ጠበቅ ሳደርጋቸው ደግሞ አለቀሰች። የሚገርመው ረፋድ ላይ ደህና ትሆናለች። ከሰዓት በኋላ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሱዚ ስትዘል ሳያት ብርድ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የጅጅጋ የጠዋት ብርድ ቀላል አይደለም፤ አገሩን የማያውቅ ሰው ሶማሌ ክልል ሲባል ሁሉም ቦታ እሳት ይመስለዋል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነኝ፤ ዕድሜዬን በሙሉ ሌሎች ሰዎች የሚሉትን ስተይብ ኖርኩ። ይህንን ግን ማንም ሳያዘኝ ነው የምጽፈው። ልጁን ይዞ ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው የሚንከራተት፣ እያንዳንዱ ሐኪም የተለያየ ነገር የሚነግረው ወላጅ እንዲያነበው እፈልጋለሁ። እኛ መልሱን ፍለጋ ብዙ ዞረናል። መልሱ ልጄ ፊት ላይ ሆኖ ሳለ ለምን ሳይታይ እንደቆየም እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ደም ወሰደና ታይፎይድና ታይፈስ ነው አለን። እኛ ከተማ ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ የገባ ሰው ከሁለቱ አንዱን ሳይሸለም አይወጣም፤ ማሂ ሁለቱንም ተሸለመች። መድኃኒቷን ጨረሰች፣ ለጥቂት ጊዜ ተሻላት፣ ከዚያ ትኩሳቱ ተመለሰ። ሁለተኛው ሐኪም ጉሮሮዋን አይቶ የቶንሲል ጣጣ ነው አለ። ቶንሲል ሲደጋገም መገጣጠሚያንና ልብን ይጎዳል ብሎ አስረዳኝና በየወሩ የምትወጋው መርፌ አዘዘላት። ያ መርፌ እንዴት ያለ መርፌ መሰላችሁ። ክሊኒኩ በር ላይ ስንደርስ ወገቤን ጥምጥም አድርጋ ትይዝና መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየናል። ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ በአንድ ጎኗ ተቀምጣ አታናግረኝም።

አባቷ ጌታቸው የውሃ ቦቴ ሾፌር ነው፤ ብዙ የማይናገር፣ ሲናገር ግን አስቦ የጨረሰውን የሚናገር ሰው ነው። ጸበል ትጠመቅ አለ። እኔም ደስ አለኝ፤ መድኃኒቱም ጸበሉም የእግዚአብሔር ነው። ከሥራው በፊት በየጠዋቱ አቅፎ ይወስዳት ጀመር። አንድ ጠዋት ጋቢው ውስጥ ጠቅልሏት ሲመለስ ፊቱ ልክ አልነበረም። ቀዝቃዛው ውሃ ሲነካት ጣቶቿ ወረቀት መስለው ነጡ፣ ከዚያ ጠቆሩ፣ ብዙ ቆይተው ነው ደም የተመለሰባቸው። "አስቴር፣ ይሄ ብርድ አይደለም" አለኝ። ከዚያ ወጥቶ ቦቴውን አስነስቶ ሄደ። እኔ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እሱ እንዲህ ካለ ነገሩ እውነት ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሆዳን መናገር አለብኝ። ሆዳን ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። የእኔ አያት በወታደርነት መጥተው ጅጅጋ ቀሩ፤ እኔም እዚሁ ተወልጄ ስላደግሁ ከእሷ ጋር ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በሶማሊኛ ነው የምናወራው። ማሂን ሳልወልዳት የምታውቃት እሷ ናት ብል ይቀላል። ማሂ "ሀበርያር" ትላታለች፤ የእናት እህት ማለት ነው። ሆዳን ደግሞ እንደ ሶማሌ እናቶች "ሆዮ" ብላ ትጠራታለች። ሆዮ እናት ማለት ነው፤ እናት ልጇን በራሷ ስም ስትጠራ መስማት ለለመደው ሰው ደስ ይላል።

እኛ ሰፈር ልጅ ተጎሳቁሎ ሐኪም ጋ አይሄድም። ሐኪሙ ምን ይለናል? የማትጠበቅ ልጅ ናት ይለናል። ስለዚህ ማሂ ቀጠሮ ባላት ዋዜማ ሆዳን ቀሲል ይዛ ትመጣለች። ቀሲል የዛፍ ቅጠል ደርቆ ተፈጭቶ የሚዘጋጅ፣ የሶማሌ ሴቶች ፊታቸውን የሚያጠሩበት ዱቄት ነው። ሆዳን እርድ ጨምራ በውሃ ትለውሰውና የማሂን ፊት ትቀባዋለች፤ ጠዋት ላይ ታጥባት ትንሽ ፓውደር ጣል ታደርግባታለች። ፊቷ ቢጫ ሆኖ ያበራል። ያንን የበዓል ቀሚሷን ለብሳ ፀጉሯ ተተኩሶ ሐኪሙ ፊት ስትቀመጥ በጣም ታምራለች። አንዱ ሐኪም እንዲያውም ይቺ ሙሽራ ምን ሆነች ብሎ ቀልዶባታል።

ክረምት ገባና ትምህርት ቤት ተዘጋ። በእኛ በኩል በዚያ ወቅት ከራን የሚሉት ዝናብ ይዘንባል፣ ሣሩ ይወጣል፣ ወተት ይትረፈረፋል። ሶማሌ ዘንድ ሕመም ያደከመውን ሰው ዝናብ ሲዘንብ ወደ ከብቶቹ መላክ የተለመደ ነው፤ የግመል ወተት እየጠጣ ንጹሕ አየር እየሳበ ጉልበቱ ይመለሳል ይባላል። የሆዳን እናት ሀርሺን አካባቢ ከግመሎቻቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ሆዳን ማሂን እንላካት አለችኝ። ጌታቸው ተስማማ። እኔ ግን ልጄን ከራሴ ነጥዬ አላውቅም። ቢሆንም የመርፌው ነገር ታክቶኝ ነበር፤ የልጅቷም ፊት ሳቅ ከረሳ ቆይቷል። ልታደርሳት ከተነሣችው ከሆዳን ጋር መኪና ላይ ሳሳፍራት እኔ እያለቀስኩ እሷ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ ትስቃለች።

ናፍቆት ምን እንደሆነ ያን ክረምት አወቅሁ። ሀርሺን ሩቅ አይደለም፣ ግን እነሱ ያሉበት ገጠር ስልክ የለም። ያለኝ ነገር በየጠዋቱ ወተት ጭኖ ጅጅጋ የሚገባው መኪና ብቻ ነው። ሥራ ከመግባቴ በፊት ወተት ተራ እሄዳለሁ። ሴቶቹ ቢጫ ጀሪካኖቻቸውን እያወረዱ ይሻማሉ፣ ይጣላሉ፣ ይስቃሉ፤ እኔ መሀል ገብቼ ሾፌሩን እፈልጋለሁ። ሾፌሩ ሲያየኝ ገና ምን እንደምለው ያውቃል። ደህና ናት፣ በልታለች፣ የፍየል ግልገል ታግዳለች ይለኛል። ብስኩትና ሳሙና እልክበታለሁ። አንዳንድ ቀን አላየኋትም ሲለኝ ያ ቀን ጨልሞብኝ ቢሮ ገብቼ ስተይብ ፊደል እየዘለልኩ አለቃዬ ይቆጣኛል። ቤት ስገባ አልጋዋን አላነጥፈውም፤ እንደተወችው እንዲሆን ፈለግሁ። ጌታቸውም ማታ ማታ እዚያ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ነው ጫማውን የሚያወልቀው።

በመጨረሻ አልቻልኩም፤ ከሆዳን ጋር ሄድኩ። ስደርስ አንዲት ሻሽ ያሰረች ልጅ ከግልገሎች ኋላ እየጮኸች ስትሮጥ አየሁ። ማሂ ናት። ጣቶቿን አየኋቸው፤ ብዙም አላበጡም። ሶማሊኛዋ ከእኔ ይበልጥ ጠርቷል። ፊቷ ግን ጉንጮቿና አፍንጫዋ ላይ ደም መስሏል። የሆዳን እናት፣ ሁላችንም አዬዮ የምንላቸው ትልቅ ሴት፣ አዬዮ አያት ማለት ነው፣ አገጯን ይዘው ወደ እኔ ዞር አደረጓትና ገጠሩ እንዴት እንዳማረባት እዪ አሉኝ። ሁላችንም ፀሐይ ነው አልን፤ የከተማ ልጅ ፀሐይ ሲያገኘው ይላጣል፣ ይለመዳል። ማታ አጠገቤ ተኝታ "እማ፣ እዚህ ልቅር" አለችኝ። ደስታዋን ሳይ ደስ አለኝ፤ ግን ከፋኝም። እኔ በየጠዋቱ ወተት ተራ የምንከራተትላት ልጅ ናት እኮ።

ትምህርት ሊጀመር ሲል መጣች። ጥቂት ሳምንት እንኳን አልቆየችም። ትኩሳቱ ከድሮው ብሶ ተነሣ፤ አፏ ውስጥ ቆሰለ፤ ፀጉሯን ሳበጥራት እፍኝ እፍኝ እየሆነ እጄ ላይ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ዓይኖቿ ዙሪያ ያብጣል። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ሦስተኛው ሐኪም ዝርዝሩን ሰማና ጥሬ የግመል ወተት ትጠጣለች ወይ አለኝ። ክረምቱን ሙሉ እንደጠጣች ስነግረው ብሩሴላ ነው አለ። ብሩሴላ ካልፈላ ወተት የሚመጣ፣ ትኩሳትና ቁርጥማት የሚያመጣ በሽታ ነው፤ እኛ አካባቢ ብዙ አለ፤ ሐኪሙም ያለ ምክንያት አልገመተም። የደም ምርመራዋም አለ ወይም የለም ብሎ ያልለየ ውጤት አሳየ። መድኃኒት ተሰጣት።

እኔ ዝም ማለት የማልችል ሰው ነኝ። ወጥቼ በቀጥታ ሆዳን ጋ ሄድኩና የእናትሽ ወተት ልጄን አሳመማት አልኳት። ጨርቅ እያጠፈች ነበር፤ ማጠፏን አላቆመችም። "እናቴ ልጅሽን የመገበቻት ወተት ነው እንጂ መርዝ አይደለም" አለችኝ። ከዚያ በኋላ አንናገርም። በር ላይ ስንገናኝ ትዞራለች፣ እዞራለሁ። ግን ማሂ ቀጠሮ ባላት ዋዜማ ሁልጊዜ ቀሲሏን ይዛ ትመጣለች። እኔን ቀና ብላ ሳታይ ልጅቷን ታስቀምጣለች፣ ፊቷን ትቀባለች፣ ጠዋት መጥታ ታጥባታለች፣ ፓውደሯን ጣል አድርጋ ትሄዳለች። ሀርሺን የያዘው የፊቷ ቅላት ገና ሙሉ በሙሉ አልጠፋም ነበርና ሆዳን አምርራ ነው የምትቀባው። ልጅ በሰው ፊት በተላጠ ፊት እንዳትቀርብ። ተኳርፈን እንኳን እንዲህ ታደርግ ነበር።

የብሩሴላው መድኃኒት አለቀ፣ ለውጥ የለም። ማሂ ትምህርት ቤት ከምትሄድበት የምትቀርበት ቀን በዛ። ሌሊት ትኩሳቷ ሲነሣ እርጥብ ጨርቅ ግንባሯ ላይ እያደረግሁ ደጋግሜ አንድ ነገር እለምን ነበር፤ አድናት እንኳን አላልኩም፣ ምን እንደያዛት ብቻ ንገረኝ ነው ያልኩት። ሰው ስሙን ከማያውቀው ነገር ጋር እንዴት ይጣላል? በመጨረሻ ጌታቸው ሐረር አንዲት ጥሩ የልጆች ሐኪም አለች ሲሉ ሰምቶ መጣ። ሆዳን እንደ ልማዷ መጣች፣ ቀባች፣ ጠዋት አጠበች። እኔና ማሂ በሚኒባስ ተሳፈርን።

ከባቢሌ አልፈን መኪናው ቆመ። ሾፌሩ ከሥር ገባ፣ ወጣ፣ እንደገና ገባ። ዛፍ የለም፣ ጥላ የለም፤ ወንዶቹ ራሳቸው ላይ ፎጣ ጣል አድርገው ተቀመጡ። ማሂ ላቧ ከፓውደሩ ጋር ተቀላቅሎ ፊቷ ላይ ወረደ፤ አቧራው ተለጠፈበት። ከያዝነው ውሃ አፍስሼ ፊቷን አጠብኩላት። መኪናው ሲነሣ ቀኑ ጋደል ብሎ ነበር። ሐረር ስንደርስ ሐኪሟ ሳትወጣ እንድረስ ብለን በቀጥታ ሆስፒታል ገባን፤ ልብሷ አቧራ፣ ፀጉሯ ብትንትን፣ ፊቷ እንደተቃጠለ። አፈርኩ። ወንበሩ ሞልቶ ስንቆም አንዲት ሐረሪ ሴትዮ የራሳቸውን ልጅ ጭናቸው ላይ አውጥተው ማሂን በቦታው አስቀመጡልኝ። ስማቸውን እንኳን አልጠየቅኩም፤ ፈጣሪ ይስጣቸው።

ሐኪሟ ወጣት ናት። እኔ ገና ስለ ወተቱና ስለ ቶንሲሉ መናገር ስጀምር እጇን አነሣች፤ እያየችኝ አልነበረም፣ ማሂን ነው የምታየው። ተነሥታ ልጅቷን ወደ መስኮቱ ወሰደቻት።

"ይሄ ፊቷ ላይ ያለው ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችኝ።

"እሱ ምንም አይደለም ዶክተር። መኪና ተበላሽቶብን ፀሐይ መታት።"

"ፀሐይ ባገኛት ቁጥር እንዲህ ትሆናለች?"

ሀርሺን ትዝ አለኝ። አዎ አልኳት።

"እስከዛሬ ያዩዋት ሐኪሞች ስለዚህ ምን አሏችሁ?"

"አላዩትም" አልኩ። "ሐኪም ጋ ስንመጣ አጥበን ቀብተን ነው የምናመጣት።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ትቆጣኛለች ብዬ ተሸማቀቅሁ፤ አልተቆጣችም። የማሂን ጣቶች አንድ በአንድ ጫን ጫን አደረገቻቸው፣ አፏን ከፍታ አየች፣ በብርድ ጊዜ ጣቶቿ ይነጡ እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ሽንት አስመረመረች። ከዚያ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ሰው ሰውነት ውስጥ በሽታ ሲገባ የሚከላከል ዘበኛ አለ። አንዳንድ ሰው ላይ ይሄ ዘበኛ ይሳሳትና የቤቱን ሰው ሌባ ነው ብሎ መደብደብ ይጀምራል፤ መገጣጠሚያውን፣ ቆዳውን፣ ሲብስ ኩላሊቱን። ፀሐይ ደግሞ ዘበኛውን ያስቆጣዋል። ሉፐስ የሚሉት በሽታ ሊሆን ይችላል አለችኝ፤ ይችላል የምትለዋን ቃል ጠበቅ አድርጋ። ለማረጋገጥ አዲስ አበባ የሚሠራ ምርመራ ያስፈልጋል። ሽንቷ ላይ ያየችው ነገር ስላለ አትዘግዩ አለች።

አዲስ አበባ የጌታቸው አክስት ቤት ከረምን። እዚያ የጠበቅሁትን መጠበቅ ለጠላቴ አልመኝም። ለመግባት መጠበቅ፣ ደም ለመስጠት መጠበቅ፣ ውጤቱን መጠበቅ። ጠባቂ ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ፌስታል ይዟል፤ ውስጡ የድሮ ውጤትና የራጅ ፊልም። አንዱ የሌላውን ልጅ በዓይኑ ይመረምራል። ማሂ እዚያ የምታውቀው ሰው ስለሌለ ስለ ሀርሺን ነበር የምታወራልኝ። የትኛው ግልገል ሰነፍ እንደሆነ፣ አዬዮ ሲስቁ እንዴት አፋቸውን እንደሚሸፍኑ። እኔ ግማሹን አልሰማም፤ ጆሮዬ ነርሷ የማንን ስም እንደምትጠራ ነው የሚጠብቀው።

ሉፐስ ነው ተባለ። ኩላሊቷንም ነክቶታል፣ ግን ገና ነው አሉ። እመኑኝ፣ ስሙን ስሰማ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ጨለማ ውስጥ ስዳብስ ቆይቼ አንድ ሰው ይኸውልሽ አለኝ። ከዚያ ይድናል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሐኪሙ፣ በሽታው አይጠፋም፣ እንዲተኛ እናደርገዋለን አሉኝ። እስከ መቼ? የሚቀጥለውን ቀጠሮ ጻፉልኝ። ስልክ ደውዬ ለጌታቸው ስነግረው ልጅቷ በልታለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ጅጅጋ የገባሁ ዕለት ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ የሆዳንን በር አንኳኳሁ። ወተቱ አይደለም፣ ፀሐይ ናት አልኳት። ሐረር የሆነውን ሁሉ፣ የሐኪሟን መስኮት፣ የፈሰሰውን ፓውደር ነገርኳት። ቁጭ አለች። "እኔ ነኛ የሸፈንኩት" ብላ ማልቀስ ጀመረች። ምን ትያለሽ፣ እኔስ ስትቀቢያት አጠገብሽ አልነበርኩ፣ ያ ሁሉ ሐኪምስ ልጅቷን ታጠቢ ማለት ያቅተው ነበር ብዬ ተሳደብኩ። እያለቀሰች ሳቀች። ያን ዕለት ማታ በአንድ ሳህን በላን።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው። እብጠቱን የሚያበርደው መድኃኒት የማሂን ፊት ክብ አድርጎ ነፋው፤ ትምህርት ቤት ቦምቦሊኖ የሚል ስም አወጡላት። መስታወት ሸሸች። ከወባ መድኃኒት ጋር ዘመድ የሆነው ሁለተኛው ክኒን ደግሞ በየጊዜው ከፋርማሲው ይጠፋል። አንድ ጊዜ ከጅጅጋ እስከ ድሬዳዋ ፈልገን አጣነው። ሆዳን ሐርጌሳ ያለ የአጎቷ ልጅ ጋ ደወለች፤ ክኒኑ ከጨርቋ ጋር በድንበሩ ከተማ በወጫሌ በኩል መጣ። ከዚያ ወዲህ ክኒኑ ሲጠፋ ያለቀው ቤትሽ ውስጥ እንጂ ዓለም ላይ አይደለም ትለኛለች።

ፀሐዩ ግን ከሁሉ ከበደ። ልጅን መድኃኒት ዋጪ ማለት ይቻላል፤ ቀን አትውጪ ማለት እንዴት ነው? ሱዚ የሚዘሉትን ልጆች በመጋረጃው ቀዳዳ ታያቸዋለች። ሆዳን ከገበያዋ ጨርቅ አምጥታ እስከ ጣት የሚደርስ እጅጌ ያለው ሰፊ ቀሚስና ትልቅ ሻርፕ ሰፋችላት። ይህንን ለብሳ መንገድ ስትወጣ የደብሩ ሴቶች ተሰብስበው ጌታቸውን ልጅህ ሰለመች እንዴ ብለው ጠየቁት። እሱም ፀሐይ እየሸሸች ነው አላቸው። ምን እንደተረዱ እንጃ፤ ለብዙ ጊዜ ስለ እሷ ጸሎት ያዙ። ጸሎቱን አልጠላንም።

ሀርሺንን እንደምትናፍቅ ሳትናገር አውቅ ነበር። ወተት ተራ ስታልፍ ዘገም ትላለች። በሽታው ጥሩ ሲተኛ፣ ከሐኪሟ ፈቃድ አግኝተን፣ አንድ ክረምት ጎህ ሳይቀድ ተነሥተን ወሰድናት። አዬዮ ማንም ሳይጠይቃቸው የግልገሎቹን በረት ጎጆው ጥላ ስር አዛውረውት ነበር። ማሂ ቀኑን ሙሉ ጎጆ ውስጥ ሆና በሩ ላይ ያሉትን ግልገሎች ስታጫውት ዋለች፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ወጣች። እኔ ስትወጣ በዓይኔ ተከትዬ ሻርፗን አስተካክዪ እያልኩ እጮሃለሁ። አዬዮ ተዪያት አሉኝ። አልተውኳትም።

እኔ ለምን እንደማልተዋት ልንገራችሁ። ከዚያ በሽታ ወዲህ ልጄን ስስማት በከንፈሬ ትኩሳቷን ነው የምለካው። ስታቅፈኝ ያበጡ ጣቶቿን ጀርባዬ ላይ እቆጥራለሁ። ስትስቅ አፏ ውስጥ ቁስል ይኖር እንደሆነ አያለሁ። አጠገቤ ተቀምጣ ትናፍቀኛለች፤ ያቺ ዩኒፎርሟን ቆልፊልኝ የምትለዋ ልጅ ናት የምትናፍቀኝ።

ለሌላ ወላጅ የምለው ይህ ነው። ልጃችሁን ሐኪም ጋ ስትወስዱ እንዳደረች ውሰዷት። አትቀቧት፣ አታሳምሯት፤ ሐኪሙ የታመመውን ይይ። ሽፍታው ወይም እብጠቱ መጥቶ የሚሄድ ከሆነ በስልክም ቢሆን ፎቶ አንሡት። የበሽታው ስም አልታወቀም ሲሏችሁ የለም ማለት እንዳልሆነ እወቁ። ከእናንተ ጋር የሚንከራተት ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ አትጣሉት፤ ብትጣሉም ቶሎ ታረቁ።

ዓመታት አለፉና ማሂ ማትሪክ አልፋ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመደበች። የአገሩ ሌላ ጫፍ ነው፤ እኔ ግን ደመና የበዛበት ነው ሲሉኝ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ሸኝቼያት ከመጣሁ ጀምሮ በየቀኑ እደውላለሁ። የምጠይቃት የታወቀ ነው። ተኛሽ? በላሽ? ዋጥሽ? ጣትሽስ? ፊትሽስ? ፀሐይ ነክቶሻል? ሽንትሽ አረፋ አለው? አጠገቧ ጓደኞቿ ስላሉ በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ትንተባተባለች፤ እኔ ግን አልምራትም። በቀደም እሑድ ስደውል ገና ሃሎ ሳልል ጀመረች።

"እማ፣ ተኝቻለሁ፣ በልቻለሁ፣ መድኃኒቴን ውጫለሁ፣ ጣቴ ደህና ነው፣ ፊቴ ደህና ነው፣ ፀሐይ አልነካኝም፣ ሽንቴም ደህና ነው። ስለ በሽታው ጨረስን። አሁን ስለ እኔ ጠይቂኝ።"

የምጠይቀው ጠፋኝ። እውነቴን ነው፣ አንድ ጥያቄ ጠፋኝ። ልጄ ከማን ጋር እንደምትውል፣ ምን እንደምትወድ፣ ማን እንደሚያናድዳት አላውቅም።

"ዛሬ ምን አሳቀሽ?" አልኳት።

አንዲት የዶርም ጓደኛዬ አለች፣ ሻይ ልታፈላ ተነሥታ ብላ ጀመረች፤ ገና ሳትነግረኝ ራሷ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ ቃሉን እየቆረጠባት እንደገና ትጀምራለች፣ እንደገና ትስቃለች። እኔም ምን እንደሆነ ሳላውቅ አብሬ ሳቅሁ። ወሬዋ ልጅቷ ማንቆርቆሪያውን የምታነሣበት ላይ ሲደርስ ካርዴ አልቆ ስልኩ ተቋረጠ። ጌታቸው ምን ሆንሽ እያለ ከኋላዬ ሲጠራኝ ነጠላዬን እንኳን ሳልደርብ ካርድ ልገዛ ሮጥኩ።